ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው ሰፊ ጋዎን

ከመተኮሻው ክፍል በር ጀርባ አንድ ምስማር ነበረ፤ በምስማሩ ላይ ደግሞ ለማንም ያልተሰጠ፣ ማንም የኔ ነው የማይለው፣ ሰፊ ግራጫ ጋዎን ተሰቅሎ ይኖር ነበር። አዲስ የተቀጠረች ሴት «ይሄ የማነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ ከጎኗ የቆመችው ሴት ከአንሶላዋ ቀና ሳትል «የማንም አይደለም፤ ዝም ብሎ ነው» ትላታለች። ጥያቄው በዚያው ያበቃል። ጋዎኑ የማን እንደሆነ አንዲት ሴት የምታውቀው የራሷ ጊዜ ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መጠየቅ አያስፈልጋትም።

ጋዎኑን የሰፋችው እትዬ ካውያ ናት። እርግጥ ስሟ ይህ አልነበረም። ነገር ግን ከልጃገረድነቷ ጀምራ በአንድ የእንፋሎት ካውያ ፊት ቆማ ስለ ኖረች፣ ቅጽል ስሙ በላይዋ ላይ ደርቆ ቀረ። በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት ሰው ሲገጥማት፣ የተጠራው ሌላ ሰው መስሏት ዘወር እስከማለት ደርሳለች። ሥራዋን ለሚጠይቃት ሰው «ተኳሽ ነኝ» ብላ ትመልስና፣ ሰውየው ደንገጥ ሲል «አይዞህ፣ የምተኩሰው ልብስ ነው» ትላለች። ይህችን ቀልድ ለዓመታት ስለተናገረቻት እሷን አያስቃትም፤ ዳሩ ግን ሰው ይጠብቃታልና ትናገራታለች።

ድርጅቱ የሆቴሎችንና የሐኪም ቤቶችን ልብስ ያጥባል። አንሶላው፣ ፎጣው፣ የጠረጴዛ ልብሱ ከማጠቢያው ክፍል እርጥቡን በጋሪ እየተገፋ ይመጣል፤ በመተኮሻው ክፍል እየደረቀና እየተስተካከለ ያልፋል፤ በማጣጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ተቆልሎ በወዲያኛው በር ይወጣል። መስኮቶቹ በእንፋሎት ስለሚሸፈኑ ከውጭ ፀሐይ ይሁን ዝናብ የሚለይ የለም። እትዬ ካውያ ማታ ወደ ቤቷ ስትገባ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ነክራ ትቀመጣለች። ድካሟ እንቅልፍ የሚያወጣው ዓይነት ድካም አልነበረም። ከእሷ ጋር ይተኛል፤ ጧትም ከእሷ ቀድሞ ይነሣል።

ጋዎኑ የተሰፋው ልጇን ባረገዘች ጊዜ ነው። በዚያን ዘመን የክፍሉ አለቃ አንዲት ቁጡ ሴት ነበረች፤ ሆዷ የገፋ ሠራተኛ ስታይ «እዚህ የሚታጠበው የሆቴል አንሶላ እንጂ የሕፃን ጨርቅ አይደለም» ብላ በዕለቱ ታሰናብት ነበር። የልጇ አባት ሥራ ፍለጋ እንደ ወጣ በዚያው ቀርቶ ነበርና፣ እትዬ ካውያ ከካውያዋ ሌላ የምትይዘው ነገር አልነበራትም። አንድ ሆቴል የጣለውን ወፍራም መጋረጃ ለምና ወሰደች። ከትከሻው ልክ አድርጋ፣ ከደረቱ ሸንሽና፣ ከታች ለቀቅ አድርጋ ሰፋችው። ለብሳው እስከ መጨረሻው ሳምንት ሠራች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሆኖም በስተቀኟ የምትተኩሰው ሴት አንድ ቀን እርጥቡን ክምር ከፊቷ አንሥታ ወደ ራሷ ጋሪ ጫነችው፤ በስተግራዋ ያለችው ደግሞ አለቃዋ ባለፈች ቁጥር ተጠግታ ትከልላት ጀመር። 

ወልዳ ስትመለስ ጋዎኑን አጥባ፣ ተኩሳ፣ በምስማሩ ላይ ሰቀለችው። ብዙም ሳይቆይ ሌላዋ አወረደችው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሥርዓት ሆነ። ሰፊውን ጋዎን ያወረደች ሴት እርጥብ ክምር አታነሣም፤ የቀኟ ታነሣላታለች። ከግቢው አጥር ውስጥ «እንኳን ደስ ያለሽ» አይባልም። ስትጨርስ አጥባ ትመልሳለች፤ እትዬ ካውያ ትተኩሰዋለች። በሕይወቷ ከሠራችው ሥራ ሁሉ በልቧ የምትኮራው በዚህ ነበር፤ ለሰው የማትናገረው ኩራት ስለነበረ ደግሞ ሳይነካ ቆየላት።

ቁጡዋ አለቃ ጡረታ ወጣችና በእሷ ቦታ ሴቶቹ «ጥላው» የሚሉት ሰው መጣ። ጥላው የተባለው ሲመጣ ስለማይሰማ ነው። ጫማው ለስላሳ፣ ቃሉም እንደዚያው ነበር፤ «እባክዎ» ሳይል አያዝም፤ የታመመ ዘመድ ያላትን ሴት «እንዴት ዋሉልሽ?» ሳይል አያልፍም። ሴቶቹ ፈጣሪን አመሰገኑ። እሱ ከመጣ በኋላ አዲሶቹ የሚቀጠሩት በየጥቂት ወሩ በሚታደስ ውል ሆነ። ማንም ማንንም አልተቆጣም፤ ማንም ማንንም አላባረረም። ብቻ የአንዳንዶቹ ውል ሲያልቅ፣ ያልቃል። «ውሌ አለቀ» ይላሉ፤ በር ላይ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ ይሄዳሉ። ዕድል ነው ተባለ።

* * *

ሽቦ የምትባለዋ ልጅ የተቀጠረችው በዚህ ዓይነት ውል ነበር። ቀጭን ናት፤ ቅጥነቷ ግን እርጥብ አንሶላ ተሸክማ ከመሮጥ አላገዳትም። አንድ ጧት መደበኛ ጋዎኗን በቦርሳዋ ከትታ ሰፊውን ከምስማሩ አወረደች። ከማጣጠፊያው ጠረጴዛ ሬዲዮ አየቻት። ሬዲዮ ከመግቢያ ሰዓት እስከ መውጫ ሰዓት የማትዘጋ ሴት ናት።

«አንቺ ልጅ» አለች፣ «አንቺ ነሽ የለበስሽው ወይስ እሱ ነው የለበሰሽ? ኧረ እጅሽን አውጪልን፣ መኖርሽን እንይ!»

ሴቶቹ በአንሶላ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እትዬ ካውያ ግን ሬዲዮን በዓይኗ ገላመጠቻት።

«ሥራሽን ሥሪ።»

«እሺ እትዬ፤ ዘጋሁ።»

አልዘጋችም፤ ወሬውን ግን ቀየረች። በስተቀኝ ያለችው ሴት የሽቦን ክምር አነሣችላት። ሁሉም እንደ ወትሮው ሆነ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሽቦ ወደ ቢሮ ተጠራችና የሥራ ውጤቷ ስለቀነሰ ውሏ እንደማይታደስ ተነገራት።

ሽቦ በር ላይ አላለቀሰችም። አክስቷ የምትሠራበት ቤት እመቤት የነገረቻትን ይዛ፣ አቅም ለሌለው ሰው በነፃ ወደሚከራከር ቢሮ ሄደች፤ አንዲት ወጣት ጠበቃም ጉዳዩን ለሥራ ክርክር ሰሚው ቦርድ አቀረበችላት። አቤቱታው ልጅቷ የተሰናበተችው ስላረገዘች ነው የሚል ነበር። የድርጅቱ መልስ አጭርና ትሑት ሆኖ መጣ፦ ልጅቷ ነፍሰ ጡር መሆኗን ያወቅነው ከዚህ አቤቱታ ነው፤ ባናውቀው ነገር ልናዳላባት አንችልም።

ጠበቃዋ በምሳ ሰዓት ከሽቦ ጋር መጥታ ከግቢው ፊት ለፊት ባለው የግንብ ጥላ ሥር ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ደክሟት ነበር፤ ጫማዋን በከፊል አውልቃ ተረከዟን አሳረፈች፤ እትዬ ካውያም በዚህ ወደደቻት።

«ማርገዟን ለአለቃችሁ የተናገረ ሰው አለ?» ስትል ጠበቃዋ ጠየቀች። «በቃልም ቢሆን፣ በቀልድም ቢሆን?»

«ምን በወጣን!» አለች ሬዲዮ። «እኛ እኮ ለባሎቻችን ሳንነግር ነው ለምስማሩ የምንነግረው።»

«ለምስማሩ?»

ተያዩ። በመጨረሻ እትዬ ካውያ ስለ ጋዎኑ ነገረቻት፤ አነጋገሯ ውስጥ ያቺ የቆየች ኩራት ብቅ ማለቷ አልቀረም። ጠበቃዋ እየሰማች ፊቷ ቀስ በቀስ ጨለመ።

«እትዬ፣ ያደረጋችሁት ደግ ነገር ነው» አለች። «ግን ሕጉ እንዲህ ነው። ባለቤቱ ወይም አለቃው ማወቁን እኛ ማሳየት አለብን። ካሳየን በኋላ ያሰናበታት በሌላ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት የእነሱ ሸክም ይሆናል። እስከዚያ ግን ሸክሙ የእኛ ነው። እነሱ አናውቅም ይላሉ፤ እናንተ ደግሞ እንዳያውቁ ስትደክሙ ኖራችኋል።»

 ሽቦ መደበኛውን ጠባብ ጋዎኗን በጉልበቷ ላይ አጥፋ ይዛ ነበር፤ ድርጅቱ እንድትመልሰው ጠይቋት ነው።

እትዬ ካውያ ከሰዓት በኋላ ስትተኩስ አንድ የትራስ ልብስ አቃጠለች። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም። መጠለያ ብላ የሰፋችው ጨርቅ ልጅቷን ከሕጉ ዓይን እንደጋረዳት አሰበች፤ ከዚያም አላሰበችም፤ ደክሟት ነበርና።

* * *

ከጥቂት ቀናት በኋላ የማጠቢያ ክፍሉ ጋሪ የበሩ ደፍ ላይ ተንገጫግጮ በእትዬ ካውያ ላይ የበረኪና ጆግ ደፋባት። ጋዎኗ ከደረት እስከ ታች ራሰ፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ትርፍ ጋዎን ስላልነበራት፣ ብዙም ሳታስብ፣ ሰፊውን ከምስማሩ አውርዳ ለበሰችና ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ከልጇ መወለድ በኋላ አልለበሰችውም ነበር። ሻሿን እስከ ማጅራቷ ጠምጥማ፣ ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ፣ የካውያውን ክዳን አነሣች። እንፋሎቱ ፉጨቱን ሲያቆም ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

«ያቺ ደግሞ ማናት?» አለ ጥላው፣ አብሮት ለቆመው የጭነት ጸሐፊ። «ሰፊው ወረደ። ውሏ መቼ እንደሚያልቅ እይልኝ።»

ዘወር አለች። ጥላው ከሻሿ ሥር የወጣውን ሽበት አየና ለቅጽበት ደነገጠ፤ ወዲያው ደግሞ ከልቡ ሳቀ።

«ውይ እትዬ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ! ይቅርታ፣ ሌላ ነገር መስሎኝ ነው። እርስዎ እንኳ ከዚህ ጣጣ ተገላግለዋል።»

«በረኪና ፈሶብኝ ነው» አለች።

«አይዞዎት። አዲስ ጋዎን እንዲሰጡዎት እነግራለሁ፤ እባክዎ ራስዎን ይጠብቁ።»

ሄደ። በማጣጠፊያው ጠረጴዛ ላይ የሬዲዮ እጆች በግማሽ በታጠፈ ፎጣ ላይ ቆመው ነበር። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ሬዲዮ ፊቷን አዞረች፤ ያን ቀን እስከ መውጫ ሰዓት አልተናገረችም።

ሴቶቹ ሲወጡ እትዬ ካውያ ወደኋላ ቀርታ ጋዎኑን ልትተኩሰው ዘረጋችው። መዳፏን በፊተኛው ሽንሽን ላይ ስታሳልፍ ቆም አለች። ወፍራም ጨርቅ ሆድ ሲገፋው ይለጠጣል፤ ስትተኩሰው ከመሐሉ ይነፋና እንደገና ለማስተኛት ውኃ ትረጭበታለች። ድሮ ጋዎኑ ሲመለስ ሁልጊዜ እንዲህ ትቸገር ነበር። መቼ ነው የቀረው? ጥላው ከመጣ ወዲህ ጋዎኑ ሲመለስላት ፊቱ እንደ አዲስ ቀጥ ብሎ ነበር። ጨርቁ ሊለጠጥ የሚችልበት ጊዜ ሳይደርስ ሴቶቹ ይሄዱ ነበር። አጥበው የሚመልሱትም እነሱ አልነበሩም፤ ሌላ ሰው ነበር ከበር ጀርባ የሚሰቅለው። እሷ ደግሞ እየተኮሰች ለቀጣይዋ ስታዘጋጅ ኖራለች።

ምልክት ነው የሰፋሁት አለች በልቧ። ለእሱ ምልክት ሰፍቼ፣ በየጊዜው ተኩሼ፣ ከበሩ ጀርባ ሰቅዬለታለሁ።

ውላቸው ያለቀው ሴቶች ፊታቸው አንድ በአንድ መጣባት። አንደኛዋን በቅርቡ መንገድ ላይ አግኝታት ነበር፤ ልጅ አዝላ የሰው ደረጃ ታጥብ ነበር። «ዕድሌ ነው እትዬ» ብላት ነበር፤ እሷም «አይዞሽ» ብላ አልፋለች።

* * *

የእትዬ ካውያ ልጅ በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ የምትሠራ፣ እጮኛ ያላት፣ ንግግሯ ቁርጥ ያለ ሴት ናት። ምሽት ላይ የእናቷን እግር መንከሪያ ውኃ እያሞቀች የሰማችው ነገር ሁሉ አልጣማትም።

«እማዬ፣ ጡረታሽ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ምን አገባሽ?»

«እሱ ያለውን የሰማሁት እኔ ነኝ።»

«ሬዲዮም ሰምታለች ብለሻል። እሷ ትመስክራ፤ አፍ ሞልቷት የለም?»

«ጠየቅኳት። ያን ቀን ጆሮዬን አሞኝ ነበር አለችኝ።»

«አየሽ! እሷ እንኳ ገብቷታል። አንቺ ነሽ ጀግና?»

«ጀግና አይደለሁም። ጉልበቴን የሚያመኝ ሴትዮ ነኝ» አለች እትዬ ካውያ እግሯን እየነከረች። «ምስክር ሆነች ብሎ ሰው መበደልም ክልክል ነው ብላኛለች ጠበቃዋ።»

«ክልክል! እርጉዝ ማሰናበትስ ክልክል አልነበረም?»

 እትዬ ካውያ ውኃው ውስጥ የእግር ጣቶቿን አንቀሳቀሰች።

«አንቺ የተወለድሽው በዚያ ጋዎን ውስጥ ነው» አለች በመጨረሻ። «አድኖሻል እል ነበር። ሌሎቹንም ያዳንኩ መስሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ።»

ልጇ ፎጣውን ይዛ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«መድኃኒት ቤቱ ሲቀጥረኝ፣ ለማግባት ታስቢያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላስብም አልኩ። ቀለበቴን በር ላይ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ጨምሬ ነው የገባሁት። እስካሁንም ሥራ ስገባ አወልቀዋለሁ።»

እትዬ ካውያ የልጇን ባዶ ጣት አየች። ሁልጊዜ ለእጅ መታጠብ ብላ ይመስላት ነበር።

«አልነገርሽኝም።»

«ምን ብዬ? ካንቺ የተማርኩት ነው እኮ።»

ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም፤ ለዚያም ነው የከበደው።  በቦርዱ ቀጠሮ ዕለት ጧት እትዬ ካውያ ስትነሣ፣ ልጇ የእናቷን ጥሩ ቀሚስ በጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ስትተኩስ አገኘቻት። አተኳኮሷ የሚያሳፍር ነበር፤ በእጅጌው ላይ ሁለት መስመር አውጥታበታለች፤ አንገትጌውንም ረስታዋለች። እትዬ ካውያ አንድም ቃል ሳትናገር እንደዚያው ለበሰችው።

* * *

የቦርዱ ክፍል ጠባብ ነበር፤ የጣሪያው ማራገቢያ እየተንቋቋ ይዞራል። በረጅሙ ጠረጴዛ ጀርባ መነጽራቸውን በሰንሰለት ያንጠለጠሉ አንዲት ሰብሳቢ በሁለት አባላት መሐል ተቀምጠዋል። ሽቦ ከጠበቃዋ ጎን ተቀምጣለች፤ ሆዷ አሁን ምንም የሚደብቀው አልነበረም። ጥላው በወዲያኛው በኩል ከድርጅቱ ጠበቃ ጋር ተቀምጦ፣ እትዬ ካውያ ስትገባ ከወንበሩ ብድግ ብሎ አንገቱን ዝቅ አደረገላት። ልማድ ሆኖባት እሷም ዝቅ አለች።

የሰማችውን ተናገረች። ድምፅዋ ቀጭን ስለነበረ ሰብሳቢዋ ሁለት ጊዜ «ከፍ ያድርጉት እናቴ» አሏት። ከዚያ የድርጅቱ ጠበቃ ተነሣ።

«ጋዎኑን የሰፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«የሰፉትም አለቃዎ ማርገዝዎን እንዳታውቅ ነው?»

«አዎ።»

«ሌሎቹም የሚለብሱት አለቃቸው እንዳያውቅ ነው?»

«አዎ።»

«ስለዚህ እንዳያውቅ አድርጋችኋል።»

«እንዳያውቅ ሞክረናል» አለች እትዬ ካውያ። «አልሆነልንም።»

«ይህን ዛሬ ለምን ይነግሩናል? ያን ጊዜ ለምን ወደ ቢሮ ሄደው አልተናገሩም?»

ማራገቢያው ይንቋቋል። ብዙ የምትለው ያላት መስሏት ነበር፤ አሁን ግን ጉልበቷን ብቻ ነበር የምታስበው።

«ፈርቼ» አለች። «አሁንም እፈራለሁ።»

ጠበቃው ሌላ ጥያቄ የለኝም ብሎ ተቀመጠ። መልሱ የጠቀመው ይሁን የጎዳው ከፊቱ አልታወቀም።

ተራው የጥላው ሆነ። እጆቹን አጣምሮ፣ በዚያው በለስላሳ ድምፅ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ እንዳልወጣ ተናገረ። እትዬን እንደ እናቱ እንደሚያከብራት፣ ምናልባት በእንፋሎቱ ጩኸት ተሳስታ ሊሆን እንደሚችል፣ በዕድሜዋ እንደማይፈርድባት አስረዳ። የሽቦ ጠበቃ ብትጠይቀውም ከቃሉ አልወጣ አለ። ሽቦ አንገቷን ደፋች። እትዬ ካውያም ነገሩ ያለቀ መሰላት፤ የሚገርመው፣ ትንሽ ዕፎይታ ቢጤም ተሰማት።

የመጨረሻውን ቃል እንዲናገር ሲፈቀድለት ጥላው ቀና አለ። ክፉ ሰው ተብሎ መሄድ አልሆነለትም።

«ክቡራን የቦርዱ አባላት» አለ፣ «እኔ በሴቶቹ ላይ ጨካኝ አለቃ አይደለሁም። ራሳቸው ይመስክሩ። ያንን ጋዎን እንኳ አንድም ቀን ከልክያቸው አላውቅም። የድርጅቱ ደንብ ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲለብስ ያዛል፤ እኔ ግን ይልበሱ፣ ይመቻቸው ብዬ እያየሁ እንዳላየሁ ነው ያለፍኩት።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አደረጉ።

«የቱን ጋዎን?»

«ሰፊውን።»

«የሚመቻቸው ለምንድን ነው?»

«ያው... ለሚያስፈልጋቸው ሴቶች ነዋ።»

«የሚያስፈልገው ለየትኞቹ ሴቶች ነው?»

ጥላው አፉን ከፈተ። የድርጅቱ ጠበቃ እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ጥላው ወደ እሱ አየ፣ ወደ እትዬ ካውያ አየ፣ ከዚያ ወደ ሽቦ ሆድ ሳያስበው አየና ፊቱ አመድ መሰለ። 

«ይቀመጡ» አሉት ሰብሳቢዋ።

ከዚያ ወዲያ ሸክሙ ወደ ድርጅቱ ዞረ። የሥራ ውጤቷ ቀነሰ ለተባለው ምንም ማስረጃ ሊያቀርቡ አልቻሉም፤ የቀኟ ሴት ስታነሣላት የነበረው ክምር እንኳ በሽቦ ስም ነበር የተቆጠረው። ቦርዱ ሽቦ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ እስክትወልድ ተቀምጣ እንድትሠራና ከሥራ የራቀችበት ጊዜ እንደሠራችበት እንዲታሰብላት ወሰነ። እትዬ ካውያ ከበሩ ውጭ ጠበቃዋን ይዛ ስለ ሌሎቹ ጠየቀቻት፤ ስለ እነዚያ ውላቸው ስላለቀው።

«ይርጋ አግዷቸዋል እትዬ» አለች ጠበቃዋ። «አቤት የሚሉበት ጊዜ አልፏል።»

«አልፏል ማለት...»

«አልፏል ማለት ነው።»

* * *

ጥላው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ፤ እዚያም ደግ ሰው እንደሚባል ሰምተዋል። በቢሮ በኩል እትዬ ካውያን ሰላም የሚላት ሰው የለም። ሽቦ ግን በአንድ ሰኞ ጧት በዋናው በር ገባች። ጠባቡን ጋዎኗን ለብሳ፣ ከታች ያሉት ቁልፎች አልገጥም ስላሏት ፈትታ ትታቸው፣ ሆዷን አስቀድማ ነበር የገባችው። በካውያዋ ፊት ወንበር ተቀምጦላት ነበር፤ በውሳኔው መሠረት ነው። ሴቶቹ እንዴት መሆን እንዳለባቸው አላወቁም። ከዚያ አንደኛዋ፣ ከአጥሩ ውስጥ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለች፤ ቃሉን እንደማያውቀው ሰው እየፈራች።

በዚያው ሳምንት አንድ ጧት ሬዲዮ ከሌሎቹ ሴቶች ቀድማ መጣች። እትዬ ካውያ ብቻዋን ካውያውን ታሞቅ ነበር። ሬዲዮ በሩን ወደኋላ ገፋ አድርጋ ምስማሩን አየች። ባዶ ነበር።

«እትዬ» አለች። «የት ሄደ?»

እትዬ ካውያ በአገጯ ወደ መተኮሻው ጠረጴዛ አመለከተች። ግራጫው ጨርቅ ስፌቱ ተተርትሮ፣ ሽንሽኑ ተፈትቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ተወጥሮ በምስማር ተመትቶ ነበር። ጥሩ ወፍራም ንጣፍ ወጥቶታል።

ሬዲዮ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደገፈች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ያን ቀን ጆሮዬን አላመመኝም ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ያን ሳምንት ነው ያወቅኩት። ገና ለማንም አልተናገርኩም። ብመሰክር ቀጣይዋ እኔ ነኝ ብዬ...» አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች። «አሁን ምን ልልበስ እትዬ?»

«የራስሽን።»

«ካየብኝስ አዲሱ አለቃ?»

«ሳያይ እንነግረዋለን። ጠበቃዋ ምን አለች? ሰው ባለበት ንገሩት፣ አላወቅኩም እንዳይል። አፍሽን ለክፉ ነው እንዴ የያዝሽው? አንድ ቀን እንኳ ለጥቅም አውዪው።»

ሬዲዮ በእንባዋ መሐል ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ፤ ወደ ላይ፣ አለቃው ማልዶ ወደገባበት ቢሮ ወደሚያወጣው ደረጃ አየች።

«ብቻዬን አልችልም።»

እትዬ ካውያ የካውያውን መክፈቻ ዘጋች። ደረጃው ረጅም ነበር፤ ጉልበቷም ከተነሣች ጀምሮ ሲነዝራት ነበር። በመጀመሪያ ትንሽ ተቀምጣ ማረፍ ትፈልግ ነበር። ሳትቀመጥ የሬዲዮን ክንድ ያዘች።

«ቀስ ብለሽ ውጪ» አለቻት። «ላንቺ አይደለም፤ ለእኔ ነው።»